ማዶው እየታየ

በወሎ፣ ከቦረናዋ መካነ ሰላም ወጣ ብሎ በስተምዕራብ በደጋው ጫፍ የቆመ ሰው ጎጃምን ያያል። በጠራ ቀን የመርጡለ ማርያም አገር እጅ ቢዘረጋ የሚነካ ይመስላል። ለእግረኛ ግን ነገሩ ለብዙ ዘመን ሌላ ነበር። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ የበረሃውን ሙቀት ችሎ፣ ዓባይን አልፎ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት ነበረበት። በበጋ ልምድና ጉልበት ላለው ሰው ይቻል ነበር። በክረምት ግን የዓባይ ዓመታዊ ውኃ አብዛኛው በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ስለሚወርድ፣ ማዶው የሌላ መንግሥት አገር ያህል ይርቅ ነበር።

ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላና ሣይንት የተቀመጡበት ደጋ እንዲህ ነው፤ ዓባይ በምዕራብ፣ በሽሎ በሰሜን፣ ወለቃ በደቡብ እየሸረሸሩ ያስቀሩት ከፍታ። ስለ ኢትዮጵያ ድልድይ ሠሪዎች ሲጻፍ ጎንደር ይነሣል፣ አዲስ አበባ ይነሣል፣ የጅቡቲ ባቡር ይነሣል። እኔ ታሪኩን ከዚህ ከደጋው ጫፍ ሆኜ ማየት ፈለግሁ። ከዚህ ሲታይ የድልድይ ታሪክ ባብዛኛው መሐንዲሶች መጥተው የሄዱበት፣ ወይም አጠገብ ደርሰው ያልተሻገሩበት ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኖራ ነው። ድንጋይ መጥረብ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አልነበረም፤ አክሱምንና ላሊበላን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የጎደለው ውኃ የማይፈታው ማያያዣ ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው ከጢስ ዓባይ አጠገብ በዓለታ ወንዝ ነው። ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ እየተቆጣጠረ እ.ኤ.አ. በ1626 በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። የቦታው ምርጫ ራሱ የመሐንዲስ ዓይን ይታይበታል። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በአለት መካከል ተጨምቆ ጠባብ ስለሚሆን፣ ቅስቱ የሚያርፈው ተፈጥሮ ባዘጋጀችው መሠረት ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሱስንዮስ ከዙፋኑ ወረደ፣ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረረ። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ኖራው ቀረ። የጎንደር ግንቦች በእሱ ቆሙ፣ ወንዞችም በእሱ ተሻገሩ። ለፋሲለደስ ሰባት ድልድዮች ይቆጠሩለታል። ዝናው ከመግነኑ የተነሣ ዛሬ በየስፍራው የሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሁሉ ወይ «የፋሲል» ወይ «የፖርቱጋል» ይባላል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውና ቱሪስት «የፖርቱጋል ድልድይ» እያለ ፎቶ የሚያነሳው በእርግጥ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ዘመኑም የምኒልክ ነው። ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ድልድይ በአዛዡ ወይም በባዕድ ስም ይጠራል፣ ጠራቢውና ግንበኛው ይረሳል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ከቦረና አንጻር የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። እቴጌ እሌኒ የተከሉት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በኢየሱሳውያኑ ዘመን በጥርብ ድንጋይና በኖራ እንደገና ታንጿል፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። ኖራውን የሚያውቁት እጆች ከመካነ ሰላም ፊት ለፊት፣ ከማዶው ደጋ ላይ ደርሰው ነበር ማለት ነው። ወንዙ ላይ ግን አልወረዱም። ሁለተኛው የዓባይ ድልድይ የተሠራው ወደ ላይ፣ በሞጣና በአንዳቤት መካከል ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ግድም ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቁልቁል እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ለብዙ ዘመን ምንም ድልድይ አልነበረም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በሽሎ ከተቀላቀለ በኋላ ዓባይ ይሰፋል፣ የክረምቱ ሙላትም ይከብዳል። የጎንደር ዘመን ቅስት ጠባብ ጉሮሮ ይፈልጋል፤ ሰፊ ወንዝ መሐል ምሰሶ ማቆም ደግሞ ውኃው ከሥር እንዳይቦረቡረው ማድረግን ይጠይቃል። እስከ ዛሬም ድልድይ በብዛት የሚወድቀው ከላይ በሚጫነው ጭነት ሳይሆን ከሥሩ ደራሽ ውኃ በሚሸረሽረው አፈር ነው።

ስለዚህ በታችኛው በረሃ ድልድዩ ሰው ነበር። ዋና የሚያውቅ የቆላ ጎልማሳ ስልቻ ነፍቶ፣ ግንድ አጣምሮ፣ ሰውንና ጭነትን በክፍያ ያሻግር ነበር። ውኃው የት እንደሚሽከረከር፣ አዞ የት እንደሚያደባ፣ በየትኛው ሳምንት መሻገር እንደሚቆም የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ሙያ ከምህንድስና ታሪክ ማውጣት ትክክል አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1868 ሁለት የመንገድ ሠሪ ሠራዊቶች በዚሁ አገር ተገናኙ። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች እያስቆፈሩና ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መንገድ አውጥተዋል። ከሰሜን የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ደግሞ በዙላ ወደብ የባሕር መድረክና የባቡር ሐዲድ ሳይቀር የዘረጉ መሐንዲሶች ነበሩት። የሁለቱ ወገኖች ሥራ በመቅደላ ግርጌ ተገናኘ። የእንግሊዝ ወታደር ግን በሽሎን በሚያዝያ መጀመሪያ በእግሩ ገብቶበት ተሻገረ፤ ድልድይ አላስፈለገውም፣ ከክረምት በፊት ይመለሳልና። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ ለበሽሎ ሰው የቀረለት ድልድይ ግን የለም። የጦር መንገድ የተሠራው ለአንድ ጉዞ ነው።

የነገሥታቱ ቅጥር መሐንዲሶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጣልያናዊውን ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒን አስመጥተው በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠሩ፤ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰውየው በኋላ በራስ አሉላ እጅ እስረኛ ሆነ፣ ከዚያም በውጫሌ ውል ክርክር የጣልያን ወኪል ሆኖ ተመለሰ። በዚያ ዘመን መሐንዲስና ዲፕሎማት አንድ ኮት ይለብሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ የገባው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግም እንዲሁ ነው፤ በአዋሽ ላይ ድልድይ ዘረጋ፣ ኋላም የምኒልክ አማካሪና የባቡሩ ውል ባለቤት ሆነ። ድልድይ መሥራት የንጉሡን አመኔታ መግዣ ነበር። ድልድዩም የሚሠራው የንጉሡ ገበያና ጦር በሚያልፍበት ነው። ቦረና ላይ ቤተ መንግሥት አልነበረም።

ጣልያን ሲመጣ ሥራው ከግለሰብ ወደ ኩባንያ ተላለፈ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ፣ ተርማበር ተበሳ፣ ደሴ ከአዲስ አበባና ከአሰብ ጋር ተያያዘች። መንገዱ ግን ወሎን በምሥራቁ ጎን አልፎት ሄደ። ምዕራቡ እንደነበረ ቀረ፤ ይህም በመጨረሻ ለጣልያኖቹ ራሳቸው ጉድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከጎጃም ያፈገፈገው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዓባይን አልፎ ወደዚሁ ገደላማ አገር ገባ። አርበኞችና የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ሰዎች እየተከተሉት፣ መውጫ መንገድ አጥቶ፣ በግንቦት ወር ሣይንት ውስጥ አጅባር ላይ እጁን ሰጠ።

በዚያው ዘመን የሞጣው ድልድይም ተሰበረ። ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች ቅስቱን አፈረሱት፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች በሁለቱ ጉማጅ ጫፎች ላይ ቆመው፣ መንገደኛውን በገመድ አስረው ከወንዙ በላይ እየጎተቱ ያሻግሩ ነበር። አሻጋሪው ከውኃው ውስጥ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ቆመ እንጂ ሙያው አልተለወጠም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ጊዜ የመሥሪያ ቤት ዘመን ነው። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ መንገድ የተፈቀደው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ ጥቂት ቆይቶም የኢንጂነሪንግ ኮሌጁና የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የአገር ልጆችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ ስም የለውም፤ ጨረታ፣ ሥራ ተቋራጭና አማካሪ ድርጅት ናቸው ያሉት። ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ከውጭ መጥቶ ሰባራውን ሁሉ ይደግፋል፤ ጊዜያዊ ተብሎ የተተከለው አንዳንዱ ከቋሚው በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ትልቁ ገንዘብ የፈሰሰው አሁንም ወደ ዋናው መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ባለው ሸለቆ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2001 ዓ.ም ዋዜማ ተመረቀ፤ 303 ሜትር ነው፣ ሠሪው ካጂማ የተባለው ኩባንያ። በግንቦት 2016 ዓ.ም ደግሞ በባሕር ዳር የቻይናው ኩባንያ ሲሲሲሲ የሠራው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ተከፈተ። ሁለቱም ያምራሉ። ማታ መብራታቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል፤ ይህን መካድ ምቀኝነት ነው።

ለገደል አገር ሰው ግን የበለጠ የሚነግረው የሰባራ ድልድይ ሁለተኛ ታሪክ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ መጽሔት ሲያገላብጥ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ዓባይን ሲሻገሩ የሚያሳየውን ፎቶ አየ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት የተሰበረውን ክፍተት በብረት ደፈነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ወሰደው። ትምህርቱ ውድ ነበር፦ የጥንቶቹ ግንበኞች የመረጡት ከፍታ ለዚያ ዓመት ሙላት አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 ወንዙን ወረድ ብሎ፣ 100 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። መሐል ወንዝ ላይ ምሰሶ የለውም። ጎርፉ የሚይዘው አላገኘም።

ተንጠልጣዩ ድልድይ ለዚህ ዓይነት አገር እንደተፈጠረ ነው። በአማራ ክልል የስዊዘርላንዱ ሄልቬታስ ከኔፓል ተራሮች የተማረውን ዘዴ ይዞ ከገጠር መንገድ ሰዎች ጋር ብዙ የእግር ድልድይ ዘርግቷል። ከኢልግ በኋላ እንደገና ስዊዞች መሆናቸው ያስቃል፤ የአሁኖቹ ግን ቤተ መንግሥት አይጠጉም። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን የሚያዋጣው ቀበሌው ነው። ድልድዩም መኪና አያሳልፍም። በሐምሌ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ አህያ ወደ ገበያ ያልፉበታል።

መካነ ሰላምንና መርጡለ ማርያምን የሚያገናኘው የመኪና መንገድም በስተመጨረሻ ዓባይን በድልድይ ተሻግሯል። ኖራ ያልተሻገረው ወንዝ በአርማታ ተሻገረ፤ ከደጋው ጫፍ ሲታይ የኖረው ማዶ አሁን የሹፌር ጉዳይ ነው። ወደ ዓባይ፣ ወደ በሽሎና ወደ ወለቃ የሚወርዱት ገባር ወንዞች ግን ብዙ ናቸው፤ በብዙዎቹ ዳር መኪና አይደርስም።

እንዲህ ባለው ቦታ ድልድይ ሲሠራ የብረት ገመዱ በመኪና አይሄድም። ተቆርጦ እንዳይከፋፈል ሙሉውን ይተረተራል፣ ሰዎች በጠባቧ መንገድ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው በትከሻቸው ድርሻቸውን ይይዛሉ። አንዱ ከተደናቀፈ ሁሉም ይቆማል። የፊተኛው መታጠፊያውን አልፎ ቁልቁል ሲጠፋ የኋለኛው ገና አልተነሣም፤ ገመዱ ሲጎተት ብቻ ነው መሄዳቸውን የሚያውቀው።