ክታብ፣ ማተብ፣ ክትባት

በማቴዎስ 23፥5 ፈሪሳውያን የሚነቀፉበት ዕቃ በግሪኩ «ፊላክቴርዮን» ነው፤ «ፊላሶ» ጠበቀ ማለት ስለሆነ ጠባቂ እንደ ማለት ነው። አይሁድ «ተፊሊን» ይሉታል፤ ከ«ተፊላ»፣ ከጸሎት። አማርኛው «አሽንክታብ» አለና አረፈው። እነዋሪ ገበያ ለወጣ የጅሩ ገበሬ ይኸ እንግዳ ቃል አይደለም፤ በቆዳ የተሰፋች፣ ከአንገት የምትንጠለጠል ነገር ወዲያው ትታየዋለች። ግሪክ በጥበቃው፣ ዕብራይስጥ በጸሎቱ የሰየመውን እኛ በጽሕፈቱ ሰየምነው።

ክታብ ከ«ከተበ» ነው፤ ጻፈ። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ የግዕዝ ባለቤቱ «ጸሐፈ» ነዋ! ብድሩ ግን ባንድ ወገን አልቀረም፦ የዐረቡ «ሙስሐፍ» ከግዕዙ «መጽሐፍ» እንደ ተወሰደ ብዙ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። መጽሐፍ ሰጥተን ክታብ ተቀበልን። ለሙስሊሙ «ኪታብ» መጽሐፍ ነው፤ የሚታሰረው «ሂርዝ» ይባላል፣ ሥሩም መጠበቅ ነው፤ እዚህ ላይ ዐረቡና ግሪኩ ይገጥማሉ።

ያው «ከተበ» በኋላ ክንድን በመርፌ መውጋት ሆነና «ክትባት»ን ወለደ። ደብተራውና ነርሷ ባንድ ግሥ አደሩ።

የደብተራው ክታብ የበግ ወይም የፍየል ብራና ነው። ደንበኛው ክታብ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ አንድ ቆዳ ስለማይበቃ ቁራጩ ከቁራጭ ይሰፋል። መግቢያው በቀይ ቀለም «ጸሎት በእንተ…» ይላል፤ የሚያስፈሩት ስሞች ይከተላሉ፦ ዓይነ ጥላ፣ ሾተላይ፣ ባርያ፣ ሌጌዎን። ይኸ ሌጌዎን በማርቆስ 5 በኩል የገባ የሮማ ወታደር ነው፤ የላቲኑ «ሌጊዮ» የጦር ክፍል ስም ነበር። ማርከሻው «መፍትሔ ሥራይ» ይባላል። «ፈትሐ» ፈታ ነው፤ ፍትሕም ፍትሐትም ፍቺም ከዚያው ናቸው። ሥራይ ድግምት፣ ስርየት ይቅርታ፤ በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ ሊለዩ ቢገባም ጸሓፊ ሁሉ ያምታታቸዋል።

ከክታቡ ጎን የሚውለው ማተብ ሌላ ዘር ነው፦ «ዐተበ»፣ ምልክት አደረገ፤ ስሙ «ማዕተብ»፣ ከዚያም «አማተበ»። ጽሕፈት የለበትም፤ ክሩ ራሱ ምልክቱ ነው።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጠንቋይን አሳደደ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ግን ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ሰይጣንን መካዱን፣ በግራው ደስክ የተባለውን መካዱንና የማርያም አገልጋይነቱን እንዲጽፍ አዘዘ። ግንባርና እጅ የዘዳግም 6፥8 ቦታዎች ናቸው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እዚያ «ክታብ» ይላል። በእኔ ፍርድ ንጉሡ ክታብን አላጠፋም፤ ንባቡን ለወጠ እንጂ።

ንባቡ ነው ዋናው። ክታብ ሲወረስ የፊተኛው ክርስትና ስም ይፋቅና የአዲሱ ይገባል፤ ፍቀቱ ግን ብራናው ላይ ይታያል። የአያት ክታብ ያላችሁ፣ ለቱሪስት ከመሸጣችሁ በፊት ግዕዝ ለሚያነብ ሰው አሳዩትና ስሞቹን ገልብጡ።