ኸዋሪጆች በተቃዋሚዎቻቸው ብዕር

በ657 (እ.ኤ.አ.) በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ሲፊን በተባለ ስፍራ፣ የአራተኛው ኸሊፋ የዐሊ ኢብን አቢ ጧሊብ ጦርና የሶርያው ገዥ የሙዓዊያ ጦር ተፋለሙ። የሶርያ ወታደሮች ቁርኣን በጦር ጫፍ ሰቅለው ነገሩ በሽምግልና እንዲታይ ጠየቁ፤ ዐሊም ተቀበሉ። ያን ጊዜ ከገዛ ሠራዊታቸው መካከል ፍርድ የአላህ ብቻ ነው፣ ሰው ሊዳኘው አይገባም የሚሉ ሰዎች ተነሥተው በኩፋ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ሐሩራእ ሄዱ። በዓመቱ ዐሊ ነህራዋን በተባለ ስፍራ ገጥመው አብዛኞቹን ፈጇቸው። በጥር 661 ደግሞ ከዚሁ ወገን የሆነው ኢብን ሙልጀም በኩፋ መስጊድ ኸሊፋውን በሰይፍ መታቸው፤ በቁስሉም ሞቱ።

እነዚህ ሰዎች በታሪክ የሚታወቁት ኸዋሪጅ፣ ማለትም «የወጡ» በሚል ስም ነው። ራሳቸውን ይጠሩ የነበረው ግን ሹራት ብለው ነው፤ ነፍሳቸውን ለአላህ የሸጡ ለማለት። ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንደጸና ማየት ብቻ ታሪካቸው በማን እጅ እንደተጻፈ ያሳያል። ስለ እነርሱ በሰፊው የተረከው የኩፋው አቡ ሚኽነፍ በ774 ሞተ፤ ከነህራዋን ውጊያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። የእሱም ድርሳናት በየራሳቸው ጠፍተው፣ በይበልጥ የሚገኙት አል-በላዙሪና አል-ጦበሪ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መቶ ዓመት መግቢያ ባዘጋጇቸው ታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሁለቱም የኖሩት ሙዓዊያ የመሠረቱትን የኡመያዎች መንግሥት ገልብጠው በነገሡት በዓባሲያዎች ዘመን ነበር።

አል-ጦበሪ አንድን ድርጊት ከተለያዩ ተራኪዎች ተቀብለው፣ ማን ከማን እንደሰማ ሰንሰለቱን ዘርዝረው፣ የሚጋጩትን ወሬዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። በራሳቸው አንደበት ፍርድ የሚሰጡት ከስንት አንዴ ነው። ፍርዱ ያለው በታሪኩ አሰካክ ውስጥ ነው።

ለዚህ ከነህራዋን በፊት ሆነ የተባለው ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። አማፂዎቹ በመንገድ ላይ የነብዩ ባልደረባ ልጅ የሆነውን ዐብደላህ ኢብን ኸባብን ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ይይዙታል። ከተምር ዛፍ ሥር አንዲት ፍሬ ወድቃ ከመካከላቸው አንዱ አንሥቶ ወደ አፉ ሲከታት፣ ጓደኛው ያለ ዋጋዋ፣ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ እንዴት ትበላለህ ብሎ ይቆጣዋል፤ እሱም ይተፋታል። ሌላው ደግሞ የአንድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አሳማ በሰይፍ ይመታል፤ በደል ነው ተብሎ ባለቤቱን ክሶ እንዲታረቅ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ግን ዐብደላህን ስለ ዐሊ የሰጠው ምስክርነት ስላልጣማቸው ከወንዙ ዳር ወስደው ያርዱታል፤ የሚስቱንም ሆድ ይቀዳሉ። ተራኪው አንድም የውግዘት ቃል አልጨመረም። ለአንዲት ተምር የሚጠነቀቅ ኅሊና ለሰው ነፍስ እንዳልተጠነቀቀ አንባቢው ራሱ ያየዋል።

ታሪኩ ሌላም ሥራ አለው። ሌሊቱን በጸሎት የሚያነጉ፣ ግንባራቸው በስግደት የጠቆረ ሙስሊሞችን መግደል ለዐሊ ወገኖች ከባድ ጥያቄ ነበር። የንጹሓን ደም መፍሰሱ ውጊያውን ትክክለኛ ቅጣት ያደርገዋል። ከነብዩ በሐዲስ የተላለፈው ትንቢትም እንዲሁ ያገለግላል፤ ቀስት አደን በስቶ እንደሚያልፍ ከሃይማኖት ስለሚወጡ ሰዎችና በመካከላቸው ስለሚገኝ አንድ እጀ ጉድለኛ ይናገራል። ከውጊያው በኋላ ዐሊ ሬሳ አስፈልገው ያንን ሰው እንዳገኙት ይተረካል። በዚህ አጻጻፍ ድሉ አስቀድሞ የተነገረ ነገር መፈጸሚያ ይሆናል።

ባላንጣው ዐሊ መሆናቸው ቀርቶ የኡመያ ገዥዎች ሲሆኑ የትረካው ቃና ይለወጣል። አቡ ቢላል የተባሉት አማፂ በዑበይዱላህ ኢብን ዚያድ ወህኒ ሳሉ፣ ጠባቂው ትጋታቸውን አይቶ ሌሊት ሌሊት ወደ ቤታቸው ይለቃቸው ነበር ይባላል። አንድ ምሽት ገዥው እስረኞቹን ሊፈጅ እንደወሰነ ቤታቸው ሆነው ይሰማሉ፤ ሆኖም ጠባቂው በእሳቸው ምክንያት እንዳይጎዳ ሲነጋጋ ተመልሰው ወህኒ ይገባሉ። ሸቢብ ኢብን የዚድም ጥቂት ፈረሰኞች ይዘው የኡመያውን ገዥ የአል-ሐጃጅን ጦር ደጋግመው ሲበትኑ፣ ሚስታቸው ገዛላ በኩፋ መስጊድ ለመስገድ የተሳሉትን ስለት ሲያደርሱ ይታያሉ። በስግደቱ ውስጥ 286 አንቀጽ ያለውን የአል-በቀራህንና 200 አንቀጽ ያለውን የኣሊ ዒምራንን ምዕራፍ አንብበዋል ይባላል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በጠላት ከተማ መሐል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚዋረደው አማፂው ሳይሆን ገዥው ነው። የኡመያዎችን ግፍ ለማሳየት ከአንድ ጻድቅ አማፂ የተሻለ ምስክር አልነበረም። የሥነ ጽሑፍ ሊቁ አል-ሙበረድ ስለ ኸዋሪጆች የሰበሰቡት ወሬና ግጥም እጅግ ከመብዛቱና ከማማሩ የተነሣ፣ በልባቸው ከእነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብለው ታምተዋል።

የእምነት ክፍሎችን የሚመዘግቡት ጸሐፍት ግን ለትረካ ደንታ አልነበራቸውም። ሙስሊሞች ወደ 73 ክፍል ይከፈላሉ የሚለውን ሐዲስ ይዘው፣ አል-ባግዳዲና አል-ሸህረስታኒ አማፂዎቹን በየመሪያቸው ስም እየከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ስሕተቱን መደቡለት። የአንድ ዘመቻ ጭካኔ በዚህ መንገድ የማይለወጥ ቀኖና ሆኖ ተጻፈ።

ከዚያው ንቅናቄ የወጡት፣ በዖማንና በሰሜን አፍሪካ የሚኖሩት ኢባዲያዎች በአንጻሩ የራሳቸውን መጻሕፍት ጠብቀዋል። ኸዋሪጅ የሚለውን ስም ለራሳቸው አይቀበሉም፤ ሌላውን ሙስሊም ከሃዲ ብለው ለገደሉት ለአዛሪቃዎች ይተዉታል። በእነርሱ ታሪክ የነህራዋን ሟቾች በግፍ የተገደሉ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው ዐብደላህ ኢብን ወህብ አር-ራሲቢም ትክክለኛ ኢማም ነበሩ።

ከአዛሪቃዎቹ በኩል ደግሞ የቀረ ነገር ቢኖር ግጥምና ገንዘብ ነው። መሪያቸው ቀጠሪ ኢብን አል-ፉጃአ በፋርስ ምድር ያስመቱት ዲርሃም በአንድ ገጹ የቀድሞውን የሳሳኒድ ንጉሥ ምስል ይዟል። ከምስሉ አጠገብ በፋርሶች የፓህላቪ ፊደል የቀጠሪ ስም «የአማኞች አዛዥ» ከሚለው ማዕረግ ጋር ተቀርጿል፤ በጠርዙ ላይ በዐረብኛ የሐሩራእ ሰዎች መፈክር ዞሯል፦ ፍርድ የአላህ ብቻ ነው።