የእንጨት በረንዳ
የእንጨት በረንዳ ከቤት ጋር ተያይዞ ወይም በጓሮ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የሚሠራ ወለል ነው። በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉ ተዳፋት ግቢዎች አፈር ሳይቆረጥና ሳይሞላ ደልዳላ ቦታ ለማግኘት ይጠቅማል።

ዕቅዱ ከውኃ ይጀምራል፤ በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መሠረቱን እንዳይሸረሽር አስቀድሞ መፍሰሻ ቦይ ይበጅለታል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአካባቢው በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስጥም ይበላዋል። የሐበሻ ጥድ ምስጥንና መበስበስን በተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም የእንጦጦ ጥድ ደን ተመናምኗል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አፈር ውስጥ አይቀበርም፤ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቆማል። ውኃ እንዳይቋጥርም በደረቁ ጣውላዎች መካከል 5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል።