የዋግ መንገድ ባለውለታዎች

ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. በብዙ የዓለም ከተሞች ሚሊዮኖች ለአፍሪካ ረሀብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሮጡ። የሩጫው ችቦ የተለኮሰው ሱዳን ውስጥ በሚገኝ የተረጂዎች መጠለያ ነበር፤ ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ ይዞት በአውሮፓ ከተሞች አልፎ ኒውዮርክ አደረሰው። ዛሬ ለበጎ ሥራ ብሎ በእግር ወይም በብስክሌት ረጅም መንገድ መውጣት፣ በዝናብና በብርድ በድንኳን እያደሩ መጓዝ በዓለም ላይ የተለመደ ተግባር ነው። እኛም አገር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ ብዙ ሺህ ሰዎችን በየዓመቱ አደባባይ ያወጣል፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ያሰባስባል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ሁሉ ስሙ የሚነሳውና የሚመሰገነው መንገደኛው ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ፣ ስንት ሌሊት ዝናብ ላይ እንዳደረ ይነገርለታል። ረሀቡ ክፉኛ ከመታቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ የሆነው የዋግ ታሪክ ግን ዓይናችንን ወደ ሌላ ሰው እንድናዞር ያስገድደናል። በዋግ ደጋና ቆላ ክረምቱንና ርቀቱን ለዘመናት ያሸነፈው የመንገደኛው ጽናት ብቻ አልነበረም። መንገዱ ጸንቶ የኖረው በአሳዳሪው ጎተራ ነው፤ ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ መንገዱም የሞት መንገድ ሆኗል።

ማስረጃውን ከሩቁ እንጀምር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም ዘመን፣ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊው ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ ነጋዴ ይልክ እንደነበር ጽፏል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ከ500 የሚበልጡ ሰዎች በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ፤ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከደረሱ በኋላ በእሾህ የታጠረ ሰፈር ሠርተው ይቀመጣሉ። ሲሄዱ በከብቶቹ ምክንያት ቀስ ይላሉ፤ ሲመለሱ ግን ክረምቱና ዝናቡ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው ይፈጥናሉ። የዚያን ጊዜው አገው ወሰኑ እስከ የት እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ቢከራከሩም፣ ዋግ፣ የዛሬው የኽምራ ሕዝብ አገር፣ የጥንቱ የአገው ምድር አካል መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚህ ምስክርነት ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ክረምት ከሽፍታ ባልተናነሰ የሚፈራ የመንገድ ጠላት እንደነበረ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መንገደኛው ብቻውን እንደማይወጣ ነው። ብዛቱ ጋሻው ነበር፤ የአገሩም ገዥ በስምምነት ያሳልፈው ነበር።

ከ1,000 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መንገዱ የሚያስከፍለውን ዋጋ በቁጥር አስቀምጦልናል። ጨው በሚቆፈርበት ቦታ በአንድ ድሪም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ጨው ይገዛ ነበር። አንድ ቀን ብቻ በሚያስኬድ ገበያ አምስት ስድስት አሞሌ ይቀንሳል፤ እንዲያ ከገበያ ወደ ገበያ እያነሰ ሄዶ ንጉሡ በሰፈረበት ከተማ በዚያው ድሪም የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነው። በክረምት ደግሞ አምስት ሆኖ አይቷል። ሒሳቡን ስናሰላው ጨው ከምንጩ እስከ ቤተ መንግሥቱ ዋጋው 20 እጥፍ ገደማ ይጨምር ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በዚያ ላይ ሩብ ያህል ይታከላል። ጨው እርጥበት የሚስብ፣ ሲረጥብም የሚያልቅ ሸቀጥ በመሆኑ ለክረምት መንገድ እንደ ጨው የማይመች ጭነት የለም። አልቫሬዝ በመንገድ ላይ 300 እና 400 የሚሆኑ ጨው የጫኑ ከብቶች በአንድነት ሲነዱ አይቷል፤ 20 እና 30 ብቻ የሚነዱ ትንንሽ ነጋዴዎችም ነበሩ። ይህን ሁሉ ሰውና ከብት በየሌሊቱ የሚያሳድር፣ የሚያጠጣና የሚያስግጥ አገር ባይኖር ኖሮ አሞሌ ከአፋር በረሃ ወጥቶ የደጋው ገንዘብ ሊሆን ባልቻለ ነበር።

የዋግ ድርሻ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ሰቆጣ የበርካታ መንገዶች መገናኛና ከአገሪቱ ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተሙ የውጭ መዛግብት ሳይቀሩ ገበያዋን በአሞሌ ነጋዴዎች ብዛት ያስታውሷታል። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ግን ቀላል አልነበረም። ዛሬ ኒሯቅ ዋና ከተማው የሆነችለት የአበርገሌ ቆላ በበጋ የሚያቃጥል ሐሩር ነው፤ ከዚያ ወደ ሰቆጣና ወደ ቢያላ ተራራ ወገን ሲወጡ ደግሞ ውርጭና በረዶ ይቀበላል። በበጋ በእግር የሚሻገሩት ጸላሪና ተከዜ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው መንገደኛ ይመልሳሉ። ደረቅ መስሎ የታየው የወንዝ አሸዋ ላይ ጭነቱን ያራገፈ ሰው ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ በሌሊት ደራሽ ውሃ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ሰፈር የሚመረጠው ከወንዝ ራቅ፣ ከነፋስ ከለል ብሎ፣ ለከብቱ ሣር፣ ለሰው እንጨት ካለበት ነው። ጨው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደረደራል፣ ቁርበት ይለብሳል። ሰው ገሳውን ደርቦ በየተራ ይጠብቃል። የረጠበ ጭነት የአህያውን ጀርባ ይገጥባል፤ የገጠበ አህያ ደግሞ ነገ አይጫንም፤ ያልተጫነ አህያ ማለት የሲራራው ትርፍ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዳመናው ሲከብድ ነጋዴው የሚያስበው ከፊቱ ያለውን መንደር ነው።

በዚያ መንደር ደግሞ የሚጠብቀው ሥርዓት አለ። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ መልሱም «ቤት የእግዜር ነው» ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ግዴታ ብዙ ነው፤ እግር ማጠብ፣ እሳት ማንደድ፣ ካለው ማካፈል፣ የእንግዳን ዕቃ እንደ ራስ ዕቃ መጠበቅ። በእንግድነት ያደረ ሰው ከቤቱ ክልል ሳለ ቢዘረፍ ወይም ቢገደል ነውሩ የአሳዳሪው ነው። ሥርዓቱ የሃይማኖትን ልዩነት እንኳ የሚያስተናግድበት ዘዴ ነበረው። የሩቅ አገር ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ አሳዳሪው ግን ብዙ ጊዜ ክርስቲያን ነው። አንዱ ሌላው የባረከውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ እንግዳው ጥሬውን፣ ዱቄቱንና ማገዶውን ተቀብሎ ራሱ ያበስላል፤ ወይም በግና ፍየሉን በቁሙ ተረክቦ ራሱ ይባርካል። ሁለቱም እምነታቸውን ሳይነኩ አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያበጀ ኅብረተሰብ እንግዳ መቀበልን ለስሜት አልተወውም፤ ወግና ሥርዓት አድርጎታል። ዝናብ የመታው መንገደኛ የሚድነው የቤቱ ባለቤት በዚያች ማታ ደግ ልብ ስላደረበት ብቻ አይደለም፤ እምቢ ማለት በጎረቤት ፊት የሚያሳፍር ስለሆነም ጭምር ነው።

ሲራራ ነጋዴ ለትርፍ የሚሄድ ሰው ስለሆነ እሱን ማሳደር ንግድ እንጂ ምጽዋት አይደለም የሚል ሰው ሊነሳ ይችላል። እውነት አለው። ነጋዴው ቋሚ ማደሪያ ነበረው፤ ለአሳዳሪውም ጨው ይተውለታል፣ ወሬ ያመጣለታል፣ የላከውን ዕቃ ያደርስለታል። ኬላ ላይም ቀረጥ ይከፍላል፤ የዋግ ሹሞችም ከዚህ ተጠቅመዋል። ነገር ግን ያው ደጅ ነጋዴውን ብቻ አልነበረም የሚቀበለው። የቆሎ ተማሪው፣ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወርደው ተሳላሚ፣ ሕመምተኛው፣ ምንም የሌለው ለማኝ ሁሉ በዚያው ቃል ይጣራል፤ መልሱም ያው ነው። የሚከፍለውና የማይከፍለው በአንድ ሥርዓት መግባታቸው የሥርዓቱን ጥንካሬ ያሳያል። ሙሉ በሙሉ በስጦታ ላይ የቆመ ልማድ ስጦታው ባለቀ ጊዜ ይቆማል፤ ሙሉ በሙሉ በትርፍ ላይ የቆመ ደግሞ ድኻውን ይዘጋበታል። የዋግ መንገድ ሁለቱን አጣምሮ ስለያዘ ነው ዘመን የተሻገረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ የገጠሩ ሰው እንግዳ ያሳድር የነበረው በውድ ነው ወይስ በግድ? የነገሥታት እንግዶችና መልእክተኞች ሲያልፉ ገበሬው ድርጎ እንዲያቀርብ ይታዘዝ ነበር። ከላይ የጠቀስነው አልቫሬዝ ራሱ የተጓዘው የየመንደሩ ሰው በንጉሥ ትእዛዝ ዕቃውን እየተሸከመለት ነው። ወታደር በየቤቱ ሲመራ ደግሞ ገበሬው ልጆቹን ሳያጠግብ ተሰሪውን ይቀልባል። ይህ በደል እጅግ ስለበዛ ነበር አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት ደንግገው ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱን ለማስቀረት የሞከሩት። ይህን ክፉ ገጽ ደብቆ የእንግዳ ተቀባይነትን ውዳሴ መጻፍ ገበሬውን ዳግም መበደል ነው። ሆኖም ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። «የእግዜር እንግዳ» ያደረበት ቤት በማግስቱም ቤት ነው፤ ሠራዊት ያደረበት መንደር ግን ለቀጣዩ መንገደኛ የሚሰጠው አይተርፈውም። ግዳጁ ልማዱን ሲያራቁተው እንጂ ሲያቆመው አናይም። ይህም ዋናውን መከራከሪያ ያጠናክራል፤ የመንገዱ ደኅንነት በአሳዳሪው ጎተራ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ጎተራውን የሚያራቁት ሁሉ መንገዱን ይዘጋል።

እጅግ የሚያሳዝነው ማስረጃ ደግሞ የረሀቡ ታሪክ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን በሬውን ፈጅቶ እርሻውን ሲያስቆም አሳዳሪው ራሱ ተሰዳጅ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የዋግ ሰው ከአበርገሌ ቆላ ሳይቀር ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም መጠለያ ወጣ። ድርቁ በጦርነት ተባብሶ ነበር፤ የመንግሥት ጦርና አማጽያን በሚዋጉበት አገር እህል ወደ ገጠሩ ማድረስ ከባድ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም የሠሩትን ዘገባ ሲያሰራጭ ዓለም ያየው በደጋው ብርድ ሜዳ ላይ የተኛ ሕዝብ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት፣ ቀጥሎም የ1978ቱ ሩጫ ከዚያ ምስል የተወለዱ ናቸው። «ታዲያ የተመሰገነው ልማድ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ልማዱ አልጠፋም፤ ያሳድሩ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው መንገድ ላይ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግዳ በሆነበት አገር «ቤት ለእንግዳ» ቢባል የሚመልስ የለም። ኮረም ድረስ መጓዝ የቻለው ብርቱው ነው፤ አረጋዊው፣ ሕመምተኛውና ነፍሰ ጡሯ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ወድቀዋል። በዚያ ዓመት ጽናት አልጎደለም። የጎደለው በቤቱና በመንገዱ ላይ ያለ እህል ነው።

ልማዱ እንዳልሞተ ደግሞ በቅርቡ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ መጠለያ ሲገባ፣ ዝናቡን በሸራ ሥር ካሳለፈው ሌላ በዘመድና በማያውቀው ሰው ቤት የተጠለለውም ብዙ ነው። ተቀባዩ ራሱ የተረፈው ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የ2015 እና የ2016 ድርቅም ዋግን አላለፋትም። የእንግዳ ተቀባይን ደግነት እያመሰገኑ ጎተራውን አለመሙላት የደግነቱን ዕዳ ለድኻ ብቻ መተው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በጎ አድራጎት ከመንገዱ በፊት ቤቱ ላይ መድረስ እንዳለበት ነው። ለተራበ ሰው ብሎ መሮጥ፣ በብስክሌት ዳገት መውጣት፣ በዝናብ ድንኳን ሥር ማደር የሚያስከብር ተግባር ነው፤ የሰው ልብ በድካም ይነካል፣ እጁም ይፈታል። ነገር ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚጠቅመው ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ከመውጣቱ በፊት ከደረሰ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣን ስም መያዙ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ልጅ በቤቱ ጠግቦ እንዲያድግ የተገባ ቃል ነውና። ለዋግ የሚዘረጋ እጅ ሁሉ በዚህ መለካት ይገባዋል፤ ለበሬውና ለዘሩ፣ ለወንዙ ድልድይ፣ ለመስኖው፣ ለፍየሉ ሐኪም፣ ለንቡ ቀፎ ስንት ደረሰ? ለዘመናት መንገደኛውን ከዝናብ ያወጣው የዋግ ገበሬ ነው። ውለታው የሚመለሰው እሱ ራሱ መንገደኛ እንዳይሆን በማድረግ ነው።