ሦስት ነጥብና አንድ መዝገብ፦ የዋልያዎቹ የ2005 እና የ2006 ዓ.ም. ጉዞ



የዛሬው ንግግሬ ስለ እግር ኳስ መሆኑን ስገልጽ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ብለው ነበር። የታሪክ ሰው ዘወትር የሚፈለገው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ርስት እንዲናገር ነው። እኔ ግን አንድ ሕዝብ በጋራ ተስፋ አድርጎ በጋራ ያዘነበት ዓመት ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህም በላይ፣ ያን ዓመት የምናስታውስበት መንገድ ስለ ማስረጃና ስለ ትዝታ ልዩነት ብዙ ያስተምረናል።

ነገሩን በቀኖች ልጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ታሪክ በአብዛኛው የቁልቁለት ታሪክ ነው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተካሄደው ውድድር አንድም ጎል ሳያስቆጥር ከተመለሰ ወዲህ ለ31 ዓመታት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልገባም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወለደ ትውልድ አድጎ ልጅ ወልዷል።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ይህ ረጅም ጥበቃ አበቃ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 ረታ፤ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠራቸው ጎሎች ብልጫም አለፈ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዞ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው ጥር 13 ቀን ነበር፤ ዋንጫው ከተነሣ ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ተጋጣሚው የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ ቀደመች። ሆኖም በ10 ተጫዋቾች የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ተለያየ።

ቀጥሎ የመጣው ግን መራራ ነበር። ጥር 17 ቀን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ጥር 21 ቀን ደግሞ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በመጨረሻው ጨዋታ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ተቀያሪ ስላልቀረ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ያ ዕለት በአገራችን የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበር። ቡድኑ በ1 ነጥብና በ1 ጎል ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ተመለሰ። የዘመኑን ሐዘን ለመመዘን ግን አንድ ነገር ማከል ይገባል፦ ለዋንጫው ፍጻሜ የደረሱት እኛን ያሸነፉት ሁለቱ፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ፣ ነበሩ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከአፍሪካ ዋንጫው ጎን ለጎን ቡድኑ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ በ2006 ዓ.ም. ብራዚል ላስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያደርግ ነበር። ምድቡ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናንና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን የያዘ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። ጨዋታውን የተመለከትሁት በትውልድ ቀዬዬ በገነተ ማርያም፣ በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ወንበር ያላገኘው በመስኮት ያይ ነበር። በርናርድ ፓርከር ለደቡብ አፍሪካ አስቀደመ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር በራሱ ቡድን ላይ ጎል አገባ። ውጤቱ 2 ለ 1 ሆነ። ሜዳ ላይ በተገኘው ውጤት ኢትዮጵያ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ነበራቸው፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ስለቀረ ምድቡ አልቆ ነበር።

በዚያው ዕለት ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1 ቀን፣ ቦትስዋና ላይ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ሊያርፍ ይገባው ነበር። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ፎርፌ ተሰጠ፤ 13 የነበረው ነጥብ ወደ 10 ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በመንገድ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ካርድ ሲሰጥ የሚጽፍ ሰው አልነበረም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ኳስ አይከታተሉም ነበር። ጥያቄያቸው ግን በዚያ ሳምንት ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበ ነበር። ሌላው ሰው «ማን ከዳን?» እያለ ሲጠይቅ፣ እርሳቸው «ማን መዘገበ?» አሉ።

እስቲ እንደ ታሪክ ሰዎች እንመልሰው። የመጀመሪያው ቢጫ ካርድ የታየው በግንቦት 2004 ዓ.ም. ማብቂያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1 ለ 0 በረታንበት ጨዋታ ነው። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ወር ከግማሽ ያህል አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡድኑ የሱዳንን የደርሶ መልስ ጨዋታ አድርጓል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የአፍሪካ ዋንጫን ተጫውቷል። እነዚህ የሌላ ውድድር ጨዋታዎች ናቸው፤ ካርዳቸውም ለብቻው ይቆጠራል። ስለዚህ በሰው ትውስታ ውስጥ ያ የመጀመሪያ ካርድ በብዙ ታላላቅ ቀኖች ሥር ተቀብሮ ነበር። ሊያስታውሰው የሚችለው መዝገብ ብቻ ነበር። የተጫዋቾችን ቅጣት ተከታትሎ የማወቁ ኃላፊነትም የየአገሩ ፌዴሬሽን እንጂ የተጫዋቹ ብቻ አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ነውር ነበርን? አልነበረም። በዚያው ማጣሪያ ቶጎ ካሜሩንን አሸንፋ ሳለ አሌክሲስ ሮማኦን ያለአግባብ በማሰለፏ ውጤቱን ተቀማች። ኢኳቶሪያል ጊኒ በኤሚሊዮ ንሱኤ ምክንያት ለኬፕ ቨርድ ፎርፌ ሰጠች። ያችው ኬፕ ቨርድ ደግሞ ቱኒዚያን አሸንፋ ምድቧን ከመራች በኋላ የተቀጣ ተጫዋች ፈርናንዶ ቫሬላን በማሰለፏ ከውድድር ወጣች፤ ቱኒዚያ በቦታዋ ገባች። በአህጉሩ በሙሉ ቡድኖች ከጽሕፈት ቤቶቻቸው ፈጥነው ያደጉበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ትዝታ እንምጣ። ተማሪዎቼን «በ2006 ለምን ከዓለም ዋንጫ ቀረን?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኛዎቹ «በቢጫ ካርዱ» ይላሉ። ይህ መልስ ስህተት ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድኑ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን በብራዛቪል ገጠመ፤ በአገሪቱ በነበረው አለመረጋጋት ጨዋታው ወደ ጎረቤት ኮንጎ ተዛውሮ ነበር። ኢትዮጵያ ተመርታ 2 ለ 1 አሸነፈች። አቻ ያደረገው ያው ምንያህል ተሾመ ነው፤ የማሸነፊያውን ሳላዲን ሰኢድ አከለ። በምድቡ ፍጻሜ ኢትዮጵያ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 11 ነጥብ ያዙ። ሦስቱ ነጥቦች ተወስደውም ምድቡን የመራነው እኛ ነን።

የቀረነው በመጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞን ነበር፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በጨዋታው ማብቂያም በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አሸናፊዋ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነችው ናይጄሪያ ናት። ከዚያ በኋላ በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በሚዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ፣ ጎል ሳያስቆጥር ተመለሰ፤ አሰልጣኝ ሰውነትም በቀጣዩ ወር ተሰናበቱ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንደገና የገባነው በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው።

ታዲያ ትዝታችን ለምን ቢጫ ካርዱን መረጠ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የናይጄሪያን ሽንፈት መቀበል የአቅም ልዩነትን መቀበል ስለሆነ ነው። አቅም ደግሞ የሊግን፣ የሜዳን፣ የታዳጊ ሥልጠናን ረጅም ጥያቄ ያስነሣል። ካርዱ ግን ጥያቄውን በአንድ ሰውና በአንድ ቀን ይዘጋልናል። ይህን መሰል ነገር በሌላውም ታሪካችን አይተናል፦ ረጅም ምክንያት ያለውን ውድቀት በአንድ ሰው ስህተት ማሳጠር። በዚህ ማሳጠር ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንድ ተጫዋች የማይገባውን ሸክም ይሸከማል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ተቋም ደግሞ ከጥያቄ ያመልጣል።

መዝገብ ሲኖር የሚሆነውን በቀዬዬ ማየት ይቻላል። ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ ከአለት በተፈለፈለው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል አለ፤ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ የሚናገር የግእዝ ጽሑፍም አብሮ ይገኛል። ጽሑፉ ረጅም አይደለም። ነገር ግን 700 ዓመት ካለፈ በኋላ ማን እንዳሠራው ለመወሰን በአፈ ታሪክ ብቻ አንመካም። ለዘጠኝ ወር ተኩል አንድ ካርድ ማቆየት ከዚህ የሚከብድ ሥራ አልነበረም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን። የ2005 ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን፣ ደቡብ አፍሪካን አስከትሎ ምድቡን የመራ፣ ከዓለም ዋንጫ በ180 ደቂቃ ርቀት ላይ የደረሰ ቡድን ነው። ያሳዘነንም ሩቅ ስለ ደረሰ ነው፤ ማንም ከ1974 ቡድን ይህን ያህል አልጠበቀም ነበር። ሽንፈቱን በልኩ ለማስታወስ የውጤት ሠንጠረዡን ማንበብ ይበቃል፤ ስህተቱን እንዳይደገም ለማድረግ ግን መሪጌታው የጠየቁትን ጥያቄ በየመሥሪያ ቤታችን ሁላችን መጠየቅ ይኖርብናል።