ከላምበረት እስከ ምድር እምብርት፦ የመሬት ንብርብሮችና የተፈጥሮ ሥርዓቶች ትስስር

ከ2017 ዓ.ም መባቻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ የደረሰ ሲኾን በተለይ በረጃጅም ሕንፃዎች የላይኛው ክፍል የሚኖሩ ነዋሪዎችን በተደጋጋሚ አስደንግጧል። በመዲናዋ ምሥራቃዊ ክፍል የሰሜን መስመር ተጓዦች መናኸሪያ ከኾነችው ላምበረት እስከ ፈንታሌ ተራራ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኹለቱን ሥፍራዎች የሚያገናኘው ግን ንዝረቱ ብቻ አይደለም።

የምድር ውስጣዊ አካል

መሬት በዋናነት በአራት ንብርብሮች የተዋቀረች ናት። የመጀመሪያው በላዩ የምንኖርበት ቅርፊት ነው። ውፍረቱ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሥር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኾን በሰሜናዊ አፋር ግን ከግማሽ በታች ይሳሳል። ከቅርፊቱ ሥር እስከ 2 ሺህ 900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚደርሰው ማንትል ይገኛል። ማንትል ጠጣር አለት ቢኾንም በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ሂደት እጅግ በዝግታ ይፈስሳል። ቀጥሎ ያለው ውጫዊ እምብርት ከቀለጠ ብረትና ኒኬል የተሠራ ሲኾን እንቅስቃሴው የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ከ5 ሺህ 150 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ውስጣዊ እምብርት ግን ጠጣር ነው።

ወደዚህ ጥልቀት ወርዶ ያየ የለም። ዕውቀቱ የተገኘው ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ነው። ዴንማርካዊቷ ሳይንቲስት ኢንገ ሌማን ውስጣዊ እምብርት መኖሩን እ.ኤ.አ በ1936 ያስረዳችው የእነዚህን ሞገዶች ጉዞ በማጥናት ነው።

ስምጥ ሸለቆው

ከማንትል ጥልቅ ክፍል የሚነሳው ሙቀት የኢትዮጵያን ምድር ወደ ላይ ገፍቷል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በስንጥቆች የፈሰሰው ቅልጥ አለት ተደራርቦ የሰሜን ተራሮችን ጨምሮ ሰፊውን ደጋ ገንብቷል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የአፍሪካ ክፍለ አህጉር አለት ከሶማሊያው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃል። መራራቁ ቅርፊቱን ሲሰነጥቀው ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ምድርም ትናወጣለች። በአፋር ደባሁ አካባቢ እ.ኤ.አ በ2005 በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፍታለች። በፈንታሌም የታየው ተመሳሳይ ክስተት ነው።

ውኃና አየር

በእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት የሚዘንበው ዝናብ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ሲወርድ በደቡባዊው ተዳፋትና በላምበረት የሚዘንበው ደግሞ በአቃቂ ገባሮች ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽ ቆቃን አልፎ ከፈንታሌ ተራራ በስተደቡብ ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የከተማዋ ውኃ ወደ ፈንታሌ ይወርዳል፤ የፈንታሌም ንዝረት ወደ ከተማዋ ይመጣል።

ከዝናቡ የተወሰነው ወደ ምድር ሰርጎ የአቃቂን የከርሰ ምድር ውኃ ይመግባል። በጥልቅ ስንጥቆች የሚወርደው ደግሞ በከርሰ ምድር ሙቀት ሞቆ በፍልውኃ ይወጣል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚሁ ፍል ውኃ ዙሪያ ነው።

የምድር ውስጥ ኃይል ከባቢ አየርንም ይነካል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በአፋር የፈነዳው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎም ሕንድን አዳርሷል።

ንዝረቱ እንዴት ይደርሳል?

በፈንታሌ የሚነሳ ፈጣኑ ሞገድ ምሥራቅ አዲስ አበባ ለመድረስ 20 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ጎን ለጎን የሚያወዛውዘው ኹለተኛው ሞገድ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ዘግይቶ ይከተላል። የመጀመሪያው መጠነኛ ንዝረት ለጠንከር ያለው ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው። ሞገዱ በጠንካራ አለት ላይ ሲያልፍ ይረግባል፤ በለስላሳና ወፍራም አፈር ላይ ግን ይጎላል። በቦሌ ሜዳማ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመኾኑ የመሠረት ጥናት ለሕንፃ ግንባታ ወሳኝ ነው።

ስጋቱ አዲስ አይደለም። በ1953 ዓ.ም የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። የሀገሪቱ የሕንፃ ደረጃም ለመሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ምድር መቼ እንደምትናወጥ አስቀድሞ በቀንና በሰዓት መናገር አይቻልም። የአፈሩን ጠባይ መርምሮ፣ ደረጃውን ጠብቆ መገንባት ግን ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሚቀጥፈው የመሬቱ መናወጥ ሳይኾን የሕንፃው መደርመስ ነውና።