ፍላቂት፤ የአላፊ አግዳሚው ከተማ

ከወልድያ ተነስቶ ላሊበላን ለመሳለም የሚሄድ መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ፍላቂት በስተምዕራብ ትቀርበታለች። ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚቀጥለውም ቢሆን አልፏት ይሄዳል እንጂ እምብዛም አያርፍባትም። የመቄት ወረዳ ርእሰ ከተማ ብትሆንም ስሟን ከታሪክ መጻሕፍት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እኔ ግን ፍላቂት ታሪክ የላትም የሚለውን አልቀበልም። ታሪኳን የሚሻ ሰው አስቀድሞ የተቀመጠችበትን ምድር ይመልከት።

ከተማዋ ያለችው ከጨጨሆ እስከ ጋሸና በተዘረጋው፣ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው ብርዳማ የገብስ አገር ላይ ነው። ከዚህ ደጋ ወደ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ለተከዜ ይገብራል፤ ወደ ደቡብ የሚወርደው በጅጣና በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከአንድ ጀርባ ወርደው የተለያዩት ውኃዎች ዳግም የሚገናኙት ከካርቱም በስተሰሜን፣ አትባራ ላይ ነው። በግራም በቀኝም ገደል በመሆኑ፣ ከበጌምድር ወደ ወሎ የሚሻገር ነጋዴም ሆነ ጦር ይህን ጀርባ ይዞ መጓዝ ግድ ይለዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያስጎትቱ ነበር። በጨጨሆ፣ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉና ገደል እያስቆረጡ፣ ጅጣን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከቀይ ባሕር የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም ወደ ጅጣ ሸለቆ የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ለመድፋቸው የሠሩት መንገድ ለጠላታቸውም አገልግሏል።

ስድሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በዚሁ አካባቢ፣ አንቺም ላይ፣ ከመሐል አገር ጦር ጋር ገጠሙ። የዚያን ጊዜ የመቄት ሰው ወረቀትና ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን በሰማይ አየ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ፤ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

ቀጥሎ የመጣው መኪና ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤይጂንግን ጎብኝተው ነበር፤ የወረታና የወልድያ መንገድ ደግሞ በቻይና እርዳታ በደርግ ዘመን ተሠራ። ከዚያም በኋላ ጀርባው ከጦር አላረፈም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታንና መቄትን አዳረሰ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋሸና ላይ ብርቱ ውጊያ ተካሄደ። ጋሸና የተፈለገችው ለሀብቷ አልነበረም፤ የመንገድ መገንጠያ በመሆኗ እንጂ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲያልፍ ለመቄት ሰው ምን ተረፈው? የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የራሱንም፣ የእንግሊዙንም ጄኔራል ስም እናውቃለን። ድንጋዩን የፈነቀለው ግን ማን ነበር? በቀድሞው ዘመን ጦር ስንቁን ከያለፈበት ገበሬ ጎተራ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። የማን ጎተራ ተራቆተ? የማንስ በሬ ታርዶ ተበላ? ጉዞውን የጻፉት አብዛኞቹ አላፊዎች ናቸው፤ ያላፊ ብዕር ደግሞ ባለቤቱን ብዙ አይጠይቅም።

ስለ አንቺም ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። የ2014ቱን መከራ በዓይናቸው ያዩት ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። የፍላቂት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወረቀትና እርሳስ አስይዘው ወደየአያቶቻቸው ቢልኩ፣ ከተማዋ በራሷ ልጆች እጅ የተጻፈ ታሪክ ይኖራታል። ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም።